እንጨቱ አልነበረም

እስከ ዘንድሮ ድረስ ይህን ነገር ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም። ጾም በገባ ቁጥር እፊታቸው ተንበርክኬ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ የሻርኩትን ጾም ስዘረዝር እቆይና እዚህ ጋ ስደርስ ምላሴ ይተሳሰራል። እሳቸው የጨረስኩ መስሏቸው እግዚአብሔር ይፍታሽ ይሉኛል። እኔ ደግሞ ያልተናዘዝኩት እንደማይፈታ እያወቅሁ መስቀላቸውን ስሜ እወጣለሁ። አሁን ለእናንተ ልናገረው ነው። ማን እንደሆናችሁ ስለማላውቅ ይቀለኛል ብዬ ነበር፤ አልቀለለኝም። ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር እፈራለሁ፤ ስልኬ በጮኸ ቁጥር እፈራለሁ፤ ከሁሉ በላይ ግን ያን ቀን እዚያ መንገድ ዳር መኪና ውስጥ የተቀመጠችውን ራሴን እፈራታለሁ።

መሐንዲስ ነኝ። የተወለድኩት ወግዲ፣ ከመምህር አባት ነው። መንገድ ሲሠራ ጎርፉ በየት በየት እንደሚያልፍና ምን ያህል እንደሚሆን የምገምተው እኔ ነኝ። ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው። ከመንገዱ በላይ ያለውን ጋራና እርሻ ታዩና ወደ አንድ ሸለቆ የሚወርደው ውሃ ከየት እስከ የት እንደሚሰበሰብ ትከልላላችሁ። ቀጥሎ ዝናቡ ሲበረታ ምን ያህል እንደሚወርድ ትይዛላችሁ። የሚቀረው መሬቱ ነው፤ ከወደቀበት ዝናብ ምን ያህሉን ይጠጣል? ሣርና ቁጥቋጦ የለበሰ ከሆነ ብዙውን ይጠጣል። የታረሰ፣ የተራቆተ፣ ድንጋዩ የወጣ ዳገት ከሆነ ግን ያገኘውን ሁሉ ቁልቁል ይለቀዋል። እነዚህን ስታባዙ ጎርፉ እጅግ በበረታ ሰዓት የሚኖረውን መጠን ታገኛላችሁ፤ ከመንገዱ ሥር ውሃውን የሚያሳልፈው የቱቦ ስፋት የሚወሰነው በዚያ ነው። የመሬቱን ቁጥር ከሠንጠረዥ ትወስዱታላችሁ፤ የትኛውን እንደምትወስዱ የሚነግራችሁ ግን ዓይናችሁ ነው።

የእኔ ዓይን አይቶ ነበር። በዚህ አልዋሽም። ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ዝግቢት የሚሏት ሸለቆ አለች፤ በበጋ ከብት እንኳ የሚጠጣው ውሃ አይገኝባትም። ከሸለቆዋ በላይ ያለውን ዳገት በእግሬ ወጥቼዋለሁ። እስከ ገደሉ አፋፍ ድረስ ታርሷል። እርሻ ያልሆነው ደግሞ አፈሩ ተጠርጎ ነጭ ድንጋይ ሆኗል። ሣር አልነበረም። ቁጥቋጦ አልነበረም። ቢሮ ተመልሼ እውነተኛውን ቁጥር አስገብቼ ሳሰላ የታሰቡት ቱቦዎች ጎርፉን የሚያሳልፉ አልሆኑም፤ ሰፊ የኮንክሪት ማሳለፊያ ያስፈልግ ነበር። ቱቦዎቹ ግን ተገዝተው መንገዱ ዳር ተራግፈዋል። አለቃዬ ወረቀቱን አየና እስቲ ደግመሽ እዪው አለኝ። ሌላ ምንም አላለም። አላስፈራራኝም፤ አልተቆጣም። ደግመሽ እዪው ብቻ ነው ያለኝ።

ደግሜ አየሁት። እኔ ነኝ ያየሁት። መሬቱ ከተጻፈበት ቦታ ላይ የታረሰና የተራቆተ የሚለውን አጠፋሁና ሣርና ቁጥቋጦ ብዬ ጻፍኩ። ቁጥሩ ወረደ፤ ቱቦዎቹም በቁ። ለምን አደረግሁት? ለሥራው አዲስ ነበርኩ፤ ነገር የምታከብድ ሴት እንዳልባል ፈራሁ። ያን ያህል ዝናብ በየዓመቱ አይመጣም ብዬ ራሴን አባበልኩ። እኔ ፈርሜ ቤቴ ገብቼ ስተኛ ከመንገዱ በታች የሚተኛ ሰው እንዳለ አላውቅም ነበር ልበላችሁ? አውቅ ነበር። ቡናቸውን ጠጥቼ፣ ቆሏቸውን ቆርጥሜ ነበር።

ከመንገዱ በታች፣ ከሸለቆዋ አፍ ላይ የቄስ ተሰማ ቤት ነበረ። ቄስ ተሰማ ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ጥምጥማቸው ሁልጊዜ የነጣ ሰው ናቸው። ሚስታቸው እትዬ ሙሉነሽ ለቅየሳ በወጣን ቁጥር ሳንበላ አያሳልፉንም። የወግዲ ልጅ መሆኔን ሲሰሙ ደግሞ ጭራሽ ዘመድ አደረጉኝ። ጸሐዩ ፊቴን እንዳያከስለው ነጠላቸውን አውልቀው ያከናንቡኝ ነበር። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ብርቄ ትባላለች፤ ደጎሎ ነው ያገባችው። ቄሱ ለእሷ ቤት መሥሪያ ባሕር ዛፍ አስቆርጠው ከመንገዱ በላይ ከሸለቆዋ ዳር ከምረውታል። እትዬ ሙሉነሽ ይህን እንጨት ከዚህ አንሣው፣ ክረምት ሲገባ ውሃ ይወስደዋል እያሉ ባላቸውን ሲነዘንዙ ሰምቻለሁ። እሳቸውም እሺ ይላሉ፤ ጋሪ ሲገኝ ይላሉ።

መንገዱ የሚሠራበት የአፈር ሙሌት ከፍ እያለ ሲመጣ ቄስ ተሰማ ወደ እኔ መጡ። መንገዱ እንደ ግድብ ሸለቆዋን ሲዘጋት አይተው ሐሳብ ገብቷቸዋል።

«ልጄ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ» አሉኝ። «ውሃው ይሰበሰብብን እንደሆነ ንገሪኝ። ቤቱን አፍርሼ ወደ ላይኛው ማሳ ብወስደው አይከብደኝም።»

«አይ አባ፣ ቱቦው ይችላል» አልኳቸው። «አያፍርሱት።»

አያፍርሱት አልኩ። ሰውዬው እኮ ሊነሡ ነበር። ቤታቸውን በገዛ እጃቸው ሊያነሡ መጥተው አቁሜ የመለስኳቸው እኔ ነኝ። በዚያች ሰዓት እውነቱን ብናገር ምን ይደርስብኝ ነበር? ቢበዛ ሥራ ባጣ ነው። አሁን ሳስበው ያ ፍርሃት ፍርሃት አይባልም። ፍርሃት ምን እንደሆነ ገና አላወቅሁም ነበር።

የመጀመሪያው ክረምት በሰላም አለፈ። እኔም ልቤ ረጋ፤ እንዲያውም ያሰላሁት ልክ ነበር ብዬ ማመን ጀመርኩ። በሁለተኛው ክረምት፣ ነሐሴ ውስጥ፣ የመንገዱን ሁኔታ እንድናይ ከሾፌሩ ከእንድሪስ ጋር ወጣን። እንድሪስ የዚያው አገር፣ የቦረና ልጅ ነው፤ መንገዱን ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል። ዝግቢት ስንደርስ ከላይ ሰማዩ ተደፋ። መጀመሪያ በረዶ ጣለ፤ ከዚያ ውሃው በገመድ የሚወርድ ይመስል ዘነበ። እንድሪስ መኪናውን አሻግሮ ከፍ ካለው ጥግ ላይ አቆመው። ከዚያ ሆነን ከመንገዱ በላይ ያለውን ማሳም፣ ከታች ያለውን የቄሱን ቤትም እናያለን።

ዳገቱ የተቀበለውን ሁሉ ለቀቀው። ውሃው ከየቦዩ ቀይ ሆኖ እየተጠማዘዘ ወረደና ከሙሌቱ ጀርባ ተጠራቀመ። ቱቦዎቹ ይስባሉ፤ የሚመጣው ግን ከሚስቡት ይበልጣል። ማሳው ሐይቅ ሆነ። የቱቦዎቹ አፍ ግማሹ ተሸፈነ፤ ቀጥሎ ጭራሽ ጠፋ። ልብ አድርጋችሁ ስሙኝ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። በውሃው ላይ እስከዚያ ሰዓት ድረስ አንድም እንጨት አልነበረም። እንጨቱ ከከፍታው ላይ እንደተከመረ ነበር። ቱቦዎቹ የሰጠሙት ስለጠበቡ ነው። ጠባቦቹን ይበቃሉ ብዬ የፈረምኩትም እኔ ነኝ። ውሃው ሲወጣ እያየሁ ያጠፋሁት ቃልና በቦታው የጻፍኩት ቃል ዓይኔ ላይ መጡብኝ። ሙሌቱ እንደማይቆም ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ከማንም በፊት አውቄዋለሁ።

ከታች የቤቱ በር ተከፈተና እትዬ ሙሉነሽ ወጡ። የፍልሰታ ጾም ስለነበር ቄሱ ቤተ ክርስቲያን ናቸው፤ እሳቸው ግን ጉልበታቸውን አሟቸው ቀርተዋል። ጥጃዋን ከደጅ ፈትተው ወደ ቤት ሊያስገቡ ይጎትቷታል። ጥጃዋ እንቢ አለች። ቀና ሲሉ መኪናችንን አዩና እጃቸውን አነሡ። ሰላምታ ነበር። ያወቁኝ መሰለኝ።

እንድሪስ እጁን ክላክሱ ላይ አሳርፎ ወደ እኔ ዞረ። «ክላክስ ላድርግላቸው? ወርጄስ ልጥራቸው? ይህ ነገር ወላሂ ደስ አይልም» አለኝ።

«ተው፣ ሰው አታስደንግጥ» አልኩት። «ይችላል።»

አልኩት። በዚህ አፌ ነው ያልኩት። እንድሪስ እጁን አነሣ፤ መሐንዲሷ እኔ ነኛ፤ ከእኔ በላይ ማንን ይስማ? ለምን አልኩት ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። ክላክሱን ካስጮህኩ ሰዎች ይወጣሉ፤ ሙሌቱ ባይፈርስ ደግሞ ምን አይተሽ ነው ያስወጣሽን ይሉኛል። ምን አይቼ ነው እላቸዋለሁ? ያየሁትን ብናገር የጻፍኩት ይወጣል። ይህን ሁሉ ያሰብኩት ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ ነው። ሰው በዚያች አፍታ ስለ ራሱ ይህን ያህል ማሰብ ይችላል? እኔ ችያለሁ። እትዬ ሙሉነሽ ጥጃዋን ገፋ አድርገው አስገቡና በሩን ከውስጥ ዘጉት።

ከዚያ በኋላም ጊዜ ነበረ። ውሃው ገና መንገዱን እየተሻገረ ነበር፤ ቀጭን ሆኖ በላዩ እየፈሰሰ የሙሌቱን ጠርዝ ይሸረሽራል። እንጨቱ የመጣው ያኔ ነው። ዳርቻው ተቦርቡሮ ክምሩ ተናደና ባሕር ዛፎቹ እየተንሳፈፉ መጥተው ሙሌቱን ይገፉት ጀመር። ወዲያው መንገዱ መሃሉ ላይ ጎደለ። ድምፁን ልገልጽላችሁ አልችልም። ማሳው ሙሉ ውሃ ባንድ ጊዜ ወደ ታች ሄደ። እንድሪስ ያ ረቢ እያለ በሩን ከፍቶ ሮጠ፤ እኔ ግን ከመቀመጫዬ አልተነሣሁም። ውሃው ሲጎድል ቤቱ ከነበረበት ቦታ ላይ አልነበረም። እትዬ ሙሉነሽን በማግሥቱ በሸለቆዋ ታች፣ ከአሸዋው ውስጥ አገኟቸው።

ምክንያቱን የሚያጣሩ ሰዎች መጡ። ሲደርሱ ያዩት የቱቦዎቹን አፍ የሞላ ባሕር ዛፍ ነው፤ ውሃው ሲሸሽ ጎትቶ ሰክቶታል። እንዴት ነው ብለው እኔን ጠየቁኝ። ዝናቡ ከሚጠበቀው በላይ ነበር፣ አፉም በእንጨት ተደፍኗል አልኩ። ሁለተኛው እውነት ነው፤ ዓይናቸው እያየው ነው። መቼ እንደተደፈነ ግን ማንም አልጠየቀኝም፤ እንድሪስንም የጠየቀው የለም። ቄስ ተሰማ ከሰው መሃል ቆመው ነበር። ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ደርሷል። ወደ እኔ ጠጋ አሉና «እንጨቴ ነው?» አሉኝ።

ዝም አልኩ።

አይደለም ማለት ይበቃ ነበር። አንዲት ቃል ናት። ዝም አልኩና ወደ መሬት አየሁ፤ እሳቸውም ዝምታዬን አዎ ብለው ወሰዱት። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቄስ ተሰማ ሚስታቸውን በእጃቸው እንደገደሉ የሚያምን ሰው ሆኑ። ብርቄ ለቀብር ከደጎሎ መጥታ፣ እናቴ አንሣው እያለችህ ብላ ሬሳው ላይ እንደጮኸችባቸው ሰማሁ። እኔ ቀብሩ ላይ አልነበርኩም። ታምሜያለሁ ብዬ ደሴ ገብቼ ነበር።

ከዚያ አዲስ አበባ ተቀጠርኩ። እንድሪስ ሲያየኝ ሰላምታ መስጠት ካቆመ ቆይቶ ነበር፤ ከእሱም ሸሸሁ። ዓመታት አለፉ። ሰው ይረሳል ይባላል፤ እኔ ክረምት በገባ ቁጥር በር ሲዘጋ የምደነግጥ ሰው ሆንኩ። ዝናብ ሲጥል አስፋልት ዳር የሚፈስሰውን ውሃ ቆሜ ማየት አልችልም። ለሥራ ወደዚያ አገር ሂጂ ሲሉኝ እምቢ እያልኩ ኖርኩ። ዘንድሮ ግን ምክንያት አለቀብኝና መካነ ሰላም መጣሁ። እሑድ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ቄስ ተሰማን አየኋቸው። ቅጥሩ ጥግ ከሕዝቡ ጋር ቆመዋል። ጥምጥም የላቸውም። አንዲትን ሴትዮ ቀስ ብዬ ስለ እሳቸው ስጠይቃት፣ ሚስታቸው በእሳቸው ጥፋት ሞታ፣ ደም አለብኝ ብለው መቅደስ መግባት ከተዉ ቆዩ አለችኝ። የካህናቱ አለቆች ይግቡ ቢሏቸውም አሻፈረኝ ብለዋል። ልጃቸውም ከዚያ ወዲህ ደጃቸውን ረግጣ አታውቅም።

ያን ጊዜ የያዘኝ ፍርሃት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። አንዲት ነፍስ አጥፍቻለሁ ብዬ ነበር የምኖረው፤ ለካ የቀሩትንም ስገድል ነው የኖርኩት። ቅዳሴው እስኪያልቅ እግሬ ውጪ ውጪ ይለኝ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ተነሥቼ እስከ በሩ ሄጃለሁ። ተመለስኩ። ጀግና ሆኜ አይደለም፤ ወደየት እንደምሸሽ ስላጣሁ ነው።

ሕዝቡ ሲበተን ቀረብኳቸውና ስሜን ነገርኳቸው። አወቁኝ። እንደምን ከረምሽ ልጄ፣ አብሽሪ፣ ከሳሽ እኮ አሉኝ። አብሽሪ! እኔን ሊያጽናኑ። ከቅጥሩ ውጭ ካለ ድንጋይ ላይ አስቀምጠውኝ ከፊቴ ቆሙ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ዳገቱን እንዴት እንዳየሁት፣ ምን አጥፍቼ ምን እንደጻፍኩ፣ ቤቱን ያነሡ እንደሆነ ሲጠይቁኝ እያወቅሁ እንደዋሸኋቸው። ውሃው ከመንገዱ በላይ ሲወጣ እንጨቱ ገና አልመጣም ነበር አልኳቸው። እንጨቱ አልነበረም አባ፣ እኔ ነኝ አልኳቸው።

የሚያለቅሱ ወይም የሚረግሙኝ መስሎኝ ጠበቅሁ። ከዚያ እኔ የፈራሁትን፣ ማንም እንዳይጠይቀኝ ስጸልይበት የኖርኩትን ጠየቁኝ።

«ሙሉነሽን አይተሻታል?»

«አይቻቸዋለሁ። ጥጃዋን ሊያስገቡ ወጥተው ነበር።»

«ለመጥራት ጊዜ ነበረ?»

«ነበረ» አልኩ። «ሾፌሩ ሊጠራቸው ነበር። እኔ ከለከልኩት።»

ቄስ ተሰማ ድንጋዩን ተደግፈው ቁጭ አሉ። ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ሲገልጡት ወደ እኔ አላዩም። ይህን ለብርቄ አንቺው ትነግሪያታለሽ፣ በእኔ አፍ አይሆንም አሉኝ።

በማግሥቱ በሚኒባስ ደጎሎ ሄድን። ጎን ለጎን ተቀመጥን። መኪናው ጉድጓድ ሲገባ ትከሻቸው ትከሻዬን ሲነካኝ እሳቀቅ ነበር። ብርቄ በሩን ከፍታ አባቷን ስታይ ፊቷ ጠቆረ፤ ልትዘጋውም ነበር። ደጃፉ ላይ እንደቆምኩ ነገርኳት። አባቷ ሲጠይቁኝ ዝም ማለቴን፣ እናቷን እንዳይጠራ ሾፌሩን መከልከሌን፣ ሁሉንም። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ እኔን በእጇ ወደ ጎን ገለል አደረገችና አባቷ እግር ላይ ወደቀች። እሳቸው ተነሺ ልጄ፣ ሰው ያያል ይሏታል፤ እሷ ጉልበታቸውን አልለቅም አለች። ጎረቤት ሲሰበሰብ እኔ መንገድ ላይ ቆሜ ነበር። የምሄድበት አልነበረኝም፤ እንድቀመጥ የጋበዘኝም የለም። የሚገባኝ ነው።

ያሠራኝ መሥሪያ ቤት ሄጄም ቃሌን ሰጥቻለሁ። ገና ፍርዴን አላወቅሁም። የሚያስፈራኝ ግን እሱ ብቻ አይደለም። በዚያው መንገድ ላይ ያንኑ ሣርና ቁጥቋጦ የጻፍኩባቸው ሌሎች ሸለቆዎች አሉ። ይህንንም ተናግሬያለሁ። እናያለን ተብሏል። ክረምቱ ግን አይጠብቅም፤ ስለዚህ ፈቃድ ወስጄ ከየቱቦው በታች ያሉትን ቤቶች በእግሬ እየዞርኩ ነው። በር አንኳኩቼ ስሜን እናገራለሁ፤ ቀጥዬ ያደረግሁትን እናገራለሁ፤ ከዚያ ዝናብ ሲከብድ ከዚህ ውጡ እላለሁ። አንዳንዱ እብድ ናት ይላል። አንዲት አራስ የሰማችኝ ዕለት ልጇን አቅፋ ወደ ወላጆቿ ቤት ወጥታለች። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ውሻቸውን ለቀቁብኝ። ነገም እሄዳለሁ።

ቄስ ተሰማ መቅደስ ገብተዋል፤ ጥምጥማቸውንም አሥረዋል ብለው ነገሩኝ። እኔ አላየሁም። ከደጎሎ በተለያየን ቀን ከፊታቸው ቆሜ መስቀላቸውን ለመሳለም አንገቴን ደፋሁ። መስቀሉን ከደረታቸው አወጡ፤ ብዙ ቆዩ፤ ከዚያ መልሰው ከተቱት። አልተቆጡም። በይ ደህና ሁኚ ብለውኝ ወደ ልጃቸው ቤት ገቡ።

እናንተንም ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ቸኩዬ ነበር፣ ልጅ ነበርኩ፣ ታዝዤ ነበር አልልም። አይቻለሁ፤ አውቄ ጻፍኩ፤ አውቄ ዋሸሁ፤ ጊዜ እያለ ከለከልኩ፤ ተጠይቄ ዝም አልኩ። ስማቸው ሙሉነሽ ነው። የገደላቸው እንጨት አይደለም።